የ«ስለዚህ» ስሕተት፦ የሆሞሎጂ መደብ ሁሉ በፖሊኖሚያል እኩልታ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለገጣፎ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎንም የማስተርስ ትምህርቴን እየጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በሪያል አልጀብራዊ ስብስቦች ሆሞሎጂ ላይ እንዲሆን አስቤ በመግቢያው ላይ የሚከተለውን ጻፍኩ፦ ‹ቶኞሊ ማንኛውም ዝግና ለስላሳ ማኒፎልድ የፖሊኖሚያል እኩልታዎች መፍትሔ ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል አረጋግጧል። ቶም ደግሞ ማንኛውም የሆሞሎጂ መደብ በማኒፎልድ እንደሚወከል አሳይቷል። ስለዚህ ማንኛውም የሆሞሎጂ መደብ በአልጀብራዊ ንዑስ ስብስብ ይወከላል።› አማካሪዬ ገጹን አንብበው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምረው መለሱልኝ፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉም። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? ደግሞስ በዚህ ዘርፍ የሚጽፉ ሰዎች በሙሉ ቁጥሮች ፈንታ በ0 እና በ1 ብቻ የሚሠሩት ለምንድን ነው? ርእሱንስ ልተወው ወይስ ልቀጥልበት?»

ምላሽ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። የጠቀሷቸው ሁለቱ ቲዎረሞች እውነት ሆነው ሳለ ሐሰቱ በመካከላቸው የገባው «ስለዚህ» ነው። ስሕተቱ በቸልተኝነት የሚፈጸም ዓይነት ስላልሆነ ቦታውን በጣት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ቦታው ከታወቀ የርእሱ ግማሽ ታወቀ ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ቲዎረሞቹ የሚሉትን በልኩ እንያዝ። ማኒፎልድ ማለት እንደ ክብ ወይም እንደ ሉል፣ በየነጥቡ ቀርበው ሲያዩት ቀጥ ያለ ቦታ የሚመስል ቅርጽ ነው፤ የሆሞሎጂ መደብ ደግሞ በቅርጹ ላይ ያሉ ዝግ ቁራጮች፣ ለምሳሌ ቀለበቶች፣ ልዩነታቸው የአንድ ክፍል አጥር ብቻ ሲሆን እንደ አንድ የሚቆጠሩበት ቡድን ነው። አልጀብራዊ ስብስብ ስል የተወሰኑ ፖሊኖሚያሎች አንድ ላይ ዜሮ የሚሆኑባቸውን የሪያል ነጥቦች ስብስብ ማለቴ ነው። ጆን ናሽ እ.ኤ.አ. በ1952 ማንኛውም ዝግ፣ ማለትም የታመቀና ጠርዝ የሌለው፣ ለስላሳ ማኒፎልድ የአንድ አልጀብራዊ ስብስብ ቁራጭ ሆኖ እንደሚገኝ አሳየ፤ እኩልታዎቹ ግን ከሚፈለገው ቅርጽ ጋር ያልተፈለገ ሌላ ቁራጭ ይዘው ሊመጡ ይችሉ ነበር። ትርፉን ያስወገደው አልቤርቶ ቶኞሊ ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ማኒፎልዱ ራሱ፣ ሳይጎድልና ሳይጨመርበት፣ ለስላሳ አልጀብራዊ ስብስብ ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። ሬኔ ቶም እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳየው ደግሞ በሞዱሎ 2፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ የሚታሰብ ማንኛውም የሆሞሎጂ መደብ፣ ከአንድ ዝግ ማኒፎልድ ወደ ተሰጠው ማኒፎልድ በሚሄድ ፈንክሽን አማካይነት የሚገኝ መሆኑን ነው። እርስዎ «ማንኛውም የሆሞሎጂ መደብ» ብለው ሲጽፉ «በሞዱሎ 2» የሚለው ቃል ወድቆብዎታል። ይህ ትንሽ መዝለል አይደለም፤ በሙሉ ቁጥሮች ከተሠራ በማኒፎልድ ሊወከል የማይችል መደብ መኖሩን ያሳየው ራሱ ቶም ነው።

አሁን ሁለቱን እናጋጥማቸው። መነሻውን ማኒፎልድ ነ፣ መድረሻውን መ እንበላቸው። ቶኞሊ ነን ለብቻው፣ መንም ለብቻው አልጀብራዊ ያደርግልዎታል፤ ከነ ወደ መ የሚወስደውን ፈንክሽን ግን አልነካም። በከተማችን ዳርቻ አዘውትረን እንደምናየው፣ ሁለቱ ቤቶች ተሠርተው አልቀዋል፤ የሚያገናኛቸው መንገድ ግን ገና አልወጣም። «ፈንክሽኑን በፖሊኖሚያል ማቀራረብ ይቻላል» ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይቻላል። ነገር ግን የተቀራረበው ፈንክሽን ነጥቦቹን መ ላይ ሳይሆን ከመ በጥቂቱ ፈቀቅ ያለ ቦታ ላይ ያሳርፋቸዋል። ወደ መ ለመመለስ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ቅርቡ የመ ነጥብ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህ መሳብ ለስላሳ ቢሆንም በጥቅሉ ፖሊኖሚያልም የፖሊኖሚያሎች ክፍልፋይም አይደለም። አልጀብራው የሚጠፋው በዚህች በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ነው፤ አማካሪዎም ያሰመሩት በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

ወደ 0 እና 1 ጥያቄዎ ልለፍ። አልጀብራዊ ከርቭ በመንገዱ ላይ ተቋርጦ አይቀርም። ለምሳሌ አግድም መለኪያውን ሀ፣ ቋሚውን ለ ብለን ለ² = ሀ³ የሚለውን ከርቭ ብንስል፣ ሀ ዜሮ ሲሆን እንደ እሾህ የሾለ ጫፍ እናገኛለን፤ ከዚያ ጫፍ ግን የሚወጡት ቅርንጫፎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። በየትኛውም አልጀብራዊ ከርቭ ላይ፣ በየትኛውም ነጥብ፣ የሚወጡት ቅርንጫፎች ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ነው። ከፍ ባለ ዳይሜንሽንም ነገሩ ያው ነው፦ ስብስቡን በትናንሽ ሦስት ማዕዘን መሰል ቁራጮች ብንከፋፍለው በእያንዳንዱ የጋራ ጠርዝ ላይ የሚገናኙት ቁራጮች ብዛት ተጋማሽ ይሆናል። አርማንድ ቦረልና አንድሬ ሄፍሊገር እ.ኤ.አ. በ1961 ለማንኛውም አልጀብራዊ ስብስብ የሆሞሎጂ መደብ የሰጡት ይህን ይዘው ነው፤ 1 ሲደመር 1 ዜሮ በሆነበት ሒሳብ ጠርዞቹ ሁሉ ስለሚጣፉ ስብስቡ ዝግ ዑደት ይሆናል። በሙሉ ቁጥሮች ለመሥራት ግን መጣፋት በምልክት፣ ማለትም በመደመርና በመቀነስ፣ መሆን አለበት፤ ለዚያም እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር የሚስማማ አቅጣጫ ያስፈልገዋል። ሪያል አልጀብራዊ ስብስብ ይህን አቅጣጫ እንዲኖረው የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ፕሮጀክቲቭ ፕሌኑ፣ ማለትም በአንድ ነጥብ የሚያልፉ የቦታ መስመሮች ሁሉ እንደ ነጥብ ተቆጥረው የሚሠሩት ገጽ፣ ራሱ የለውም። ስለዚህ በሙሉ ቁጥር መሥራት እንዳሰቡት ተጨማሪ መረጃ አያመጣም፤ የሚቆጠረውን ነገር ራሱን ያሳጣል።

አልጀብራው የጠፋበትን ቦታ በቃላት መናገር አንድ ነገር ነው፤ መደቡ በእርግጥ አልጀብራዊ የማይሆንበትን ምሳሌ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። በጣም ቀላሉ ምሳሌ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ የሚሳል ነው። ለ² = (ሀ² − 1)(4 − ሀ²) የሚለውን እኩልታ ይውሰዱ። ቀኝ ወገኑ አሉታዊ የማይሆነው ሀ ከ1 እስከ 2 ወይም ከ−2 እስከ −1 ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስዕሉ ሁለት የተለያዩ እንቁላል መሰል ቀለበቶች ይሆናል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ አለ። እንደ ሁለት አጎራባች ያልሆኑ ግቢዎች አጥር ያስቧቸው። አሁን የቀኙን አጥር ብቻ የሚሰጥ ፖሊኖሚያል እንፈልግ። እንዲህ ያለ ፖሊኖሚያል ቢገኝ ከመጀመሪያው እኩልታ ጋር ማለቂያ የሌላቸው ነጥቦችን ይጋራል። የመጀመሪያው ፖሊኖሚያል ደግሞ (ሀ² − 1)(4 − ሀ²) የአንድ ፖሊኖሚያል ካሬ ባለመሆኑ ወደ ትናንሽ ፖሊኖሚያሎች ብዜት ሊበተን አይችልም፤ በቤዙ ቲዎረም መሠረት እንዲህ ያለ ሁኔታ የሚፈጠረው አዲሱ ፖሊኖሚያል የመጀመሪያው ብዜት ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ ግን በግራው አጥርም ላይ ዜሮ ይሆናል። ፖሊኖሚያሉ አንዱን ግቢ ሲያጥር ሌላውንም ሳያጥር አያልፍም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት መቃወሚያ አለ፦ «ሀ ከዜሮ ይበልጣል የሚል ሁኔታ ብጨምርበት የቀኙ ብቻ ይቀራል።» ይቀራል፤ ነገር ግን በዚያ ቅጽበት ከአልጀብራዊ ስብስቦች ዓለም ወጥተው ከፊል አልጀብራዊ ወደሚባሉት ገብተዋል፤ በዚያ ዓለም ጥያቄዎ ትርጉሙን ያጣል፤ በማቀራረብ ሁሉም መደብ ይገኛልና። የመበላለጥ ምልክት እዚህ የተከለከለ ነው።

በዚህ ከርቭ ላይ ባለ 1 ዳይሜንሽን የሆሞሎጂ መደቦች አራት ናቸው፦ ዜሮ፣ ቀኙ፣ ግራውና ሁለቱ አንድ ላይ። ከአራቱ አልጀብራዊ የሆኑት ዜሮና ሁለቱ አንድ ላይ ብቻ ናቸው። አሁን ያንኑ ቅርጽ በሌላ እኩልታ ይጻፉት፦ ((ሀ − 3)² + ለ² − 1)((ሀ + 3)² + ለ² − 1) = 0። ይህም ሁለት የተለያዩ ቀለበቶች ይሰጣል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ የራሱ እኩልታ ስላለው አራቱም መደቦች አልጀብራዊ ናቸው። በቶፖሎጂ ዓይን ሁለቱ ስዕሎች አንድ ናቸው፤ በአልጀብራ ዓይን አይደሉም። በጽሑፍዎ ውስጥ የጎደለው ዋና ሐሳብ ይህ ይመስለኛል፦ አልጀብራዊ መሆን የቅርጹ ጠባይ ሳይሆን የእኩልታው ጠባይ ነው። ስለዚህ «ይህ መደብ አልጀብራዊ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ «በተሰጠው እኩልታ ላይ ነውን?» ሲሆን ሌላው «ያንኑ ቅርጽ ከሚሰጡ እኩልታዎች ሁሉ ቢያንስ በአንዱ ላይ ነውን?» ነው።

«ምሳሌው ከሁለት ቁራጮች የተሠራ ስለሆነ ማታለያ ነው» እንዳይሉኝ አንድ ቁራጭ ብቻ ያለው ምሳሌ ልስጥ፤ ይህን ረጋ ብዬ አሳያለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ከግቢዎ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ካለ በወገቡ ዙሪያ ገመድ ይሰሩበት፤ ገመዱ የሮቶውን የላይኛውን ግማሽ ያጥራል፤ የአንድ የገጹ ክፍል አጥር የሆነ ቀለበት ደግሞ በሆሞሎጂ ዜሮ ነው። አሁን ወደ ጎሚስታው ይሂዱ፤ ቀዳዳ ለመፈለግ ውሃ ውስጥ የሚነክረውን የተነፋ የውስጥ ጎማ ይውሰዱ። ገመዱን በመሀሉ ባዶ አሳልፈው ቢቋጥሩት ጎማውን ያንቀዋል እንጂ የትኛውንም የገጹን ክፍል ለብቻው አያጥርም፤ ይህ ዜሮ ያልሆነ መደብ ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ገመድ ፊት ለፊቱ ቢያስሩ ሁለቱ አንድ ላይ የጎማውን ግማሽ ያጥራሉ፤ ስለዚህ ድምራቸው ዜሮ ነው። ጎማውን እንደ ዘውድ በላዩ ላይ የሚዞረው ቀለበት ደግሞ ሁለተኛው ነጻ መደብ ነው። ዜሮና ድምራቸው ሲጨመሩ መደቦቹ አራት ይሆናሉ።

የዚህ ጎማ እኩልታ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ሦስተኛውን መለኪያ ሐ ብለን (ሀ² + ለ² + ሐ² + 3)² = 16(ሀ² + ለ²) ብለን እንጻፈው። የመሀል ክቡ ሬዲየስ 2፣ የቱቦው ሬዲየስ 1 ነው። ለ = 0 በሆነ ፕሌን እንደ ዳቦ ቢቆርጡት ሁለት ክቦች ያገኛሉ፤ አንዱ (ሀ − 2)² + ሐ² = 1፣ ሌላው (ሀ + 2)² + ሐ² = 1። እያንዳንዱ የራሱ እኩልታ ስላለው ጎማውን የሚያንቀው ቀለበት አልጀብራዊ ነው። ሐ = 1 በሆነ ፕሌን ብንነካው ደግሞ ከላይ ሀ² + ለ² = 4 የሚለውን ዘውድ መሰል ክብ እናገኛለን። ስለዚህ በዚህ ጎማ ላይ አራቱም መደቦች አልጀብራዊ ናቸው፤ እርስዎ የጻፉትም ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጎማ እውነት ነው።

አሁን በእኩልታው ላይ፣ ዲግሪው ከ4 የማይበልጥና ኮኤፊሸንቶቹ ያለ ልዩ ዝምድና የተመረጡ ፖሊኖሚያል፣ በኢምንት ቁጥር አባዝተው ይጨምሩበት። ለውጡ በቂ ያህል ትንሽ ከሆነ ቅርጹ ጎማ ሆኖ ይቀራል፤ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢስሏቸው ዓይን አይለያቸውም። በአልጀብራ ግን ሁሉ ነገር ተለውጧል። በለ = 0 ሲቆርጡት አሁንም ሁለት ቀለበቶች ያያሉ፤ ሆኖም እነዚህ ቀለበቶች እንደ መጀመሪያው ምሳሌያችን ሁለት ግቢዎች በአንድ የማይበተን ፖሊኖሚያል የታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ለብቻው ማውጣት አይቻልም። «ሌላ ፕሌን ወይም ሌላ ጠማማ ገጽ ብጠቀምስ?» ማክስ ኔተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተናገረውና ሶሎሞን ሌፍሼትዝ በ1920ዎቹ ያረጋገጠው ቲዎረም መልሱን ይሰጣል፦ ዲግሪው 4 ወይም ከዚያ በላይ በሆነና ኮኤፊሸንቶቹ ከልዩ እሴቶች በራቁ ገጽ ላይ ያለ ማንኛውም አልጀብራዊ ከርቭ፣ ያንን ገጽ በአንድ ሌላ ፖሊኖሚያል በመቁረጥ ብቻ የሚገኝ ነው። ከዚህ በኋላ የቀረው የአጥር ጉዳይ ነው። ቆራጩ ፖሊኖሚያል በጎማው ገጽ ላይ በከፊል አዎንታዊ፣ በከፊል አሉታዊ ነው፤ ዜሮ የሚሆንበት ከርቭ አዎንታዊ የሆነበት ክፍል አጥር ነው። አጥር የሆነ ነገር ደግሞ በሆሞሎጂ ዜሮ ነው። ስለዚህ በዚህ በተነካካው ጎማ ላይ፣ ከዜሮ በስተቀር፣ አንድም ባለ 1 ዳይሜንሽን መደብ አልጀብራዊ አይደለም። ከአራት ወደ አንድ ወረድን፤ ቅርጹ ግን ዓይን በሚያየው ልክ አልተለወጠም።

በዚህ ምሳሌ አጠቃቀም ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ «ትንሽ ለውጥ ሁሉ ይህን ያደርጋል» ብለው እንዳይጽፉ። ልዩ የሆኑት እሴቶች እንደ ቁጥር ሊደረደሩ የሚችሉ ብዙ ቀጫጭን ቤተሰቦች ናቸው፤ በአጋጣሚ የተመረጠ እኩልታ ከእነርሱ ውጭ መውደቁ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ በእጅዎ የያዙት አንድ የተወሰነ እኩልታ ውጭ መሆኑን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ስዕል ማስረጃ አይሁንዎት፤ ከላይ እንዳየነው ሁለቱን ጎማዎች የሚለያቸው ነገር በስዕል አይታይም።

እስካሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የተሰጠ እኩልታን፣ ነው ያየነው። በሁለተኛው ጥያቄ፣ እኩልታውን እኛ ስንመርጥ፣ ነጻነታችን ሰፊ ቢሆንም ወለልም ጣሪያም አለው። ወለሉ ይህ ነው፦ የታንጀንት ቬክተር በንድል፣ ማለትም ማኒፎልዱን በየነጥቡ የሚነኩት ቀጥ ያሉ ቦታዎች ጥርቅም፣ የእኩልታዎቹን ዴሪቬቲቭ በመውሰድ ስለሚገኝ ሁልጊዜ አልጀብራዊ ነው፤ ስለዚህ የዚህን በንድል መጠማዘዝ የሚለኩት የማኒፎልዱ ስቲፈል-ዊትኒ መደቦች የትኛውንም እኩልታ ብንመርጥ አልጀብራዊ ከመሆን አያመልጡም። ጎማው አቅጣጫ ያለው ገጽ ስለሆነ የመጀመሪያው ስቲፈል-ዊትኒ መደቡ ዜሮ ነው፤ ወደ ዜሮ ልናወርደው የቻልነውም ለዚህ ነው። አቅጣጫ በሌለው ገጽ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ቢያንስ አንድ ዜሮ ያልሆነ መደብ ይተርፋል። ቦኽናክና ኩሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ዳይሜንሽኑ 3 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ አንድ ቁራጭ ማኒፎልድ ላይ፣ ከማኒፎልዱ በአንድ ዳይሜንሽን ለሚያንሱ ንዑስ ስብስቦች ከዚህ ሌላ ገደብ የለም፦ የመጀመሪያውን ስቲፈል-ዊትኒ መደብ የያዘ ማንኛውም ንዑስ ግሩፕ፣ እኩልታው በሚገባ ከተመረጠ፣ በትክክል የአልጀብራዊ መደቦች ግሩፕ ይሆናል።

ጣሪያው ከዚህ የረቀቀ ነው። ዳይሜንሽኑ እስከ 5 የሆነ ማንኛውም ዝግ ማኒፎልድ መደቦቹ ሁሉ አልጀብራዊ የሚሆኑበት እኩልታ ይገኝለታል፤ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር «በአንድ በተመረጠ እኩልታ» ተብሎ ቢታረም እስከዚያ ድረስ ይሠራ ነበር። ከዚያ በላይ ግን አይሠራም። ቤኔዴቲና ዴዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ከዳይሜንሽን 11 ጀምሮ፣ ፒተር ታይሽነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በዳይሜንሽን 6፣ በየትኛውም እኩልታ አልጀብራዊ ሊሆን የማይችል መደብ ያላቸው ማኒፎልዶች ሠርተዋል። ምክንያቱን በአጭሩ ልናገር። እያንዳንዱ ሪያል አልጀብራዊ ስብስብ ያንኑ እኩልታ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች በመፍታት የሚገኝ ጥላ አለው። ኮምፕሌክስ ስብስቦች፣ ከሪያሎቹ በተለየ፣ በተፈጥሯቸው አቅጣጫ ስላላቸው በሙሉ ቁጥሮች የሚቆጠር መደብ አላቸው። ይህን የጥላውን መደብ ወደ ሪያል ነጥቦች መልሰን በሞዱሎ 2 ብናየው የምናገኘው የመጀመሪያውን መደብ ካሬ፣ ማለትም መደቡ ከራሱ ጋር ሲቆራረጥ የሚሰጠውን ነው። እንግዲህ መደቡ አልጀብራዊ ከሆነ ካሬው ከሙሉ ቁጥር መደብ የመጣ መሆን አለበት። ይህ ንጹሕ የቶፖሎጂ ፈተና ነው፤ እኩልታ አይጠይቅም። የታይሽነር ባለ 6 ዳይሜንሽን ማኒፎልድ ካሬው ከሙሉ ቁጥር ያልመጣ መደብ አለው፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ፈተናውን መውደቅ መደቡ አልጀብራዊ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ ማለፍ ግን ምንም አያረጋግጥም። በአጋጣሚ፣ በሙሉ ቁጥሮች ላይ የነበረዎት ጥርጣሬ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሙሉ ቁጥሮች ከፊት በር ተከልክለው በካሬው በኩል በጓሮ ይገባሉ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ፦ ርእሱን አይተውት፤ ነገር ግን «ማንኛውም ማኒፎልድ» ብለው የሚጀምሩበትን መንገድ ዛሬውኑ ይተዉት። ያ መንገድ ቃላትን ከመደጋገም ውጭ ወደ አዲስ ነገር አያደርስዎትም፤ የዳይሜንሽን 6ን ምሳሌዎች ለመያዝ የሚያስፈልገው የአልጀብራዊ ቶፖሎጂ መሣሪያም፣ እያስተማሩ በሚያገኙት ጊዜ፣ በማስተርስ ደረጃ የሚሟላ አይመስለኝም። እኔ በቁርጥ የምመክረው በፕሮጀክቲቭ ቦታ ውስጥ ያሉትን ለስላሳ የዲግሪ 3 ገጾች እንዲወስዱ ነው። ኬይሊና ሳልመን እ.ኤ.አ. በ1849 እንዳሳዩት እንዲህ ያለ ገጽ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ 27 ቀጥ ያሉ መስመሮች ይይዛል፤ ከእነዚህ ሪያል የሆኑት 27፣ 15፣ 7 ወይም 3 ሊሆኑ ይችላሉ። ባለ 3 መስመሩ በሁለት ዓይነት ስለሚመጣ በድምሩ አምስት ዓይነቶች አሉ። ሁሉም በእጅ ሊሰሉ የሚችሉ ናቸው።

ሥራውን ክሌብሽ እ.ኤ.አ. በ1871 ካቀረበው ገጽ ይጀምሩ። እኩልታው ለማስታወስ እንኳ ደስ ይላል፦ አምስት ተለዋዋጮች ይውሰዱ፤ ድምራቸው ዜሮ፣ የኪዩቦቻቸውም ድምር ዜሮ ይሁን። 27ቱም መስመሮች ሪያል ናቸው። ከእነርሱ 15ቱን በአንድ ምሽት ያገኟቸዋል፤ አንዱን ተለዋዋጭ ዜሮ አድርገው የቀሩትን አራቱን ሁለት ሁለት አጣምረው የእያንዳንዱን ጥንድ ድምር ዜሮ ያድርጉ፤ ኪዩቦቹም አብረው ይጣፋሉ። ብቻውን የሚቀረውን ለመምረጥ 5 መንገድ፣ ለማጣመር 3 መንገድ ስላለ 15 ይሆናሉ። የቀሩት 12 መስመሮች የ5ን ስኩዌር ሩት ይጠይቃሉ፤ እነርሱን መፈለግ የጥሩ ምዕራፍ ሥራ ነው። ከዚያም ገጹ ፕሮጀክቲቭ ፕሌንን በስድስት ነጥቦች ላይ በማፈንዳት፣ ማለትም እያንዳንዱን ነጥብ በእርሱ የሚያልፉ አቅጣጫዎች ሁሉ በሚሠሩት መስመር በመተካት፣ የሚገኝ መሆኑን፣ በቶፖሎጂም ሰባት ፕሮጀክቲቭ ፕሌኖች የተጋጠሙበት መሆኑን ያሳያሉ። ባለ 1 ዳይሜንሽን መደቦቹ 128 ሲሆኑ አንዱ የፕሌኑ መስመር፣ ስድስቱ ደግሞ ከስድስቱ ነጥቦች የወጡት መስመሮች የሚያመነጯቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉም አልጀብራዊ ናቸው። ስሌቱን በአምስቱም ዓይነቶች ላይ ሲደግሙት በ1 ዳይሜንሽን ሁሉም መደብ አልጀብራዊ ሆኖ ያገኙታል። ከአምስቱ አንዱ ግን ከፕሮጀክቲቭ ፕሌን ጋር አንድ ተነጥላ የቆመች ሉል አለችው፤ እዚያ ላይ በ2 ዳይሜንሽን ሉሏ ብቻዋን አልጀብራዊ አለመሆኗን፣ ልክ እንደ ሁለቱ ግቢዎች አጥር፣ ያሳያሉ። መዝጊያ ምዕራፍዎ ከዲግሪ 3 ወደ 4 ሲሻገሩ የጎማው ነገር እንዴት እንደሚገለበጥ የሚያሳየው ከላይ የሰጠሁት ምሳሌ ይሁን፤ የኔተርንና የሌፍሼትዝን ቲዎረም ማረጋገጥ ሳይጠበቅብዎ ጠቅሰው ይጠቀሙበት። ከዚህ ውስጥ አዲስ ግኝት የሚባል ነገር የለም፤ ከማስተርስ ጽሑፍም አይጠበቅም።

በቀይ የተሰመረባትን ዓረፍተ ነገር በተመለከተ፣ ሰርዘው በምትኳ ይህችን ያስገቡ፦ «ዳይሜንሽኑ ከ5 የማይበልጥ ማንኛውም ዝግና ለስላሳ ማኒፎልድ፣ በሞዱሎ 2 የሚታሰቡ የሆሞሎጂ መደቦቹ ሁሉ በአልጀብራዊ ንዑስ ስብስቦች የሚወከሉበት ቢያንስ አንድ አልጀብራዊ ሞዴል አለው፤ በዳይሜንሽን 6 ይህ በጥቅሉ እውነት አይደለም፤ በተሰጠ ሞዴል ላይ ደግሞ በዳይሜንሽን 1 እንኳ ላይሆን ይችላል።» ለመጨረሻው ሐረግ ማስረጃ አድርገው የሁለቱን ግቢዎች እኩልታ በግርጌው ይጻፉ፤ አማካሪዎ ሁለተኛ ቀይ የሚያነሱ አይመስለኝም።